የእትዬ ካውያ ወገብ

በሆቴሉ ምድር ቤት ባለው ላውንደሪ ባልደረቦቿ «እትዬ ካውያ» ይሏታል። ቶሎ ትግላለች፤ ቶሎ አትበርድም። ዕድሜዋን የጨረሰችው አንሶላ ስትተኩስ ነው። በቀኝ እጇ ካውያውን ትገፋለች፤ ግራ እጇን ወገቧ ላይ ታሳርፋለች። ካውያውን ባስቀመጠች ቁጥር «እፍ» ትላለች። ይህን እንደምታደርግ ራሷም አታውቅም ነበር።

አንድ ሰሞን ልጇ ወገቧን ይዛ ከወንበር መነሳት ጀመረች።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም እማ፤ የቲያትር ልምምድ አድክሞኝ ነው።»

«ልምምድ ወገብ አያስይዝም። እኔም ወልጃለሁ።»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ነገሩን አባሰው። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። እናት በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ተከተለቻት።

ልጅቷ የገባችው አንድ አሮጌ መጋዘን ነው። እናት በሩን በርግዳ ገባች። ወንድ ሴቱ ባዶ እግሩን ቆሞ በሌለ ካውያ አየር ይተኩሳል። ግራ እጅ ወገብ ላይ ነው። «እፍ» ሲሉ እኩል ነው። የቲያትር ቡድኑ መሪ፣ አንድ ረጅም ጢማም ሰውዬ ሳይቀር፣ ልክ እንደ እሷ ወገቡን ይዟል። እናት የራሷንም ግራ እጅ ወገቧ ላይ አገኘችው።

«በእኔ ነው የምትሳለቁት?»

ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ።

«አይደለም እናቴ» አለ ጢማሙ። «እኛ የተጻፈ ድርሰት የለንም። እያንዳንዱ ከሚያውቀው ሰው አንድ እንቅስቃሴ ያመጣል፤ የቀረነው በገላችን እየተቀባበልን እንሠራዋለን። ባለቤቱ ካልፈቀደ ግን መድረክ አናወጣውም። ልጅዎ፣ እርስዎ ፈቅደዋል ብላናለች።»

«መቼ ነው የፈቀድኩት?»

«እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው» አለች ልጅቷ።

«አሁን እምቢ ብልስ?»

«ቅዳሜ የምናሳየው ሌላ የለንም» አለ ጢማሙ።

እናት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እስቲ ድገሙት።»

ደገሙት። እሷ ግን እጃቸውን አላየችም። ፊታቸውን እያየች የሚስቅ ፈለገች። ጢማሙ ላቡ ከጢሙ ይንጠባጠባል። የሚስቅ አጣች። አሁንም አላመነችም። ብድግ ብላ ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ጥቂት ቆይታ ድንገት ከፈተችው።

አቁሙ ያላቸው ስለሌለ አሁንም እየተኮሱ ነበር።

«ይሁን፣ አሳዩት» አለች። «ቅዳሜ እመጣለሁ። እናንተን ለማየት አይደለም፤ የሚስቀውን ለማየት ነው።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጇን ገላመጠቻት።

«አንቺ ደግሞ ቤት ስትገቢ ወገብሽን ልቀቂ።»

«አንቺስ?»

እናት ግራ እጇን ከወገቧ አላነሳችም።

«የእኔ የራሴ ነው።»