የማዳም ፒላር ጭፈራ

ባለፈው ሳምንት ተረከዜን አሞኝ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና፣ «እማማ፣ በልጅነትዎ ስፖርተኛ ነበሩ እንዴ?» አለኝ።

«የለም፣ ጨፋሪ ነበርኩ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው ትምህርት ቤታችን፣ ማዳም ፒላር የሚባሉ የመንገድ መሐንዲስ ሚስት፣ እስፓኛዊት፣ ጥልፍ ያስተምሩን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የፈለግነውን ልጆች ሰብስበው የአገራቸውን ጭፈራ፣ ፍላሜንኮን፣ ያሳዩናል። እኛ የምናውቀው የትከሻና የአንገት ጭፈራ ነው። እሳቸው ቀጥ ብለው ቆመው የሳንቃውን ወለል በተረከዛቸው ይደበድቡታል። ክረምት መግቢያ ስለነበር ከጊደር መጋላ ገበያ ኮክ ገዝተን እየበላን እንሄዳለን፤ ስንደርስ እጃችን ይጣበቃል፣ ጫማችን ጭቃ ነው።

ጊታር የሚመታልን አልነበረም። የጀጎሏ ጓደኛዬ አሚና አንድ ቅዳሜ የሐረሪ ሴቶች ለሠርግ ዘፈን የሚያጋጩትን ጠፍጣፋ እንጨት ይዛ መጣች። ማዳም አንዴ ሰምተው፣ «በቃ፣ ጊታራችን ይሄ ነው» አሉ።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ሞተ። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ተገለበጠ። አስከሬኑ ሲመጣም ሲቀበርም አላለቀስኩም። የቀረበልኝ ንፍሮ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። አንዲት ዘመዳችን፣ «ይቺስ ልቧ ድንጋይ ነው» ስትል ሰማኋት። እውነቷን ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ጥቁር እንደለበስኩ ከሐዘን ቤት ወጥቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም አላውቅም። ማዳም ልብሴን አይተው፣

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ወንድሜ።»

«መጨፈር ትፈልጊያለሽ?»

«ምንም አልፈልግም።»

«እንግዲያው ቁሚና ምቺ።»

አሚና እንጨቱን ማጋጨት ጀመረች። መታሁ። እግሬ የኔ አልመስል አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ፈልጋኝ ነው የመጣችው። በፀጉሬ የምትጎትተኝ መሰለኝ። የአሚና እጅ ባለበት ቀረ።

«አታቁሚ» አለቻት እናቴ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ በእንጨቱ ምት ልክ ደረቷን እየመታች ገባች፦

አቀበት ቁልቁለት ያልበገረው ልጄን፣
ደንገጎ ላይ ጥሎ ባዶ አረገው ደጄን።

ማዳም ግድግዳው ላይ ተደግፈው አለቀሱ። አሚናም እያለቀሰች አጋጨች። እኔ ብቻ ተረከዜን ከእናቴ ደረት ጋር እያገጣጠምኩ መታሁ። ምንም አልተሰማኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ተከናነበች።

«ሰው ምን ይላል ብዬ ልመልስሽ ነበር የመጣሁት» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ እየሄድሽ አልቅሺ።»

ማዳም በሁለተኛው ዓመት አገራቸው ገቡ። የተረከዙን ምት ግን አሚና ወደ ጀጎል ሠርግ ወሰደችው፤ እህቶቿ ተቀበሏት፣ ከዚያም ልጆቿ። አሁን የልጅ ልጆቿ ቀጥ ብለው ቆመው ወለሉን ሲመቱ ከየት አመጣችሁት ቢሏቸው፣ «የአያቶቻችን ነው» ይላሉ። አላርማቸውም፤ ውሸት አልተናገሩም።

ለታደሰ እስከ ዛሬ አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰስኩም። እናቴም ስትሞት እንደዚያው። ሰዎች ጠንካራ ናት ይሉኛል። ጥንካሬ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው እናቴ ብቻ ነበረች።