ቶሎ የሚከፍተው

ሰገነት ባሏ ገብረ ኪዳን ሲሞት አላለቀሰችም። ከተማችን ቢቸና ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ እጇን እያየች ዋለች ብሎ ስንቱ እንዳማት እኔ ጎረቤቷ ይርጋነሽ ሰምቻለሁ። አንዷንማ ሱቄ በራፍ ላይ ቆማ ስታማት ጨርቅ አልሸጥልሽም ብዬ መልሻታለሁ። ሰገነትን ግን ሐሜቱም አልነካት።

«ይርጌ፣ ምንም አይሰማኝም» አለችኝ አንድ ቀን። «እንዲሁ እንደ ደነዘዝኩ ልቀር ይሆን?» የሚያስፈራት ይኸው ብቻ ነበር።

እሷና ገብረ ኪዳን ከእኔ ሱቅ ጎን በቤታቸው የፊት ክፍል የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ነበራቸው። ያላቸው አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ጠዋት አብርተውት እስኪከፍት ድረስ ሻይ ይጠጣል። ገብረ ኪዳን ኮምፒውተሩን ያበራል፣ ሰገነት ሁለት ብርጭቆ ትቀዳለች፤ ከዚያ ሲነታረኩና ሲሳሳቁ በግድግዳው እሰማለሁ። ደንበኛውም ለምዶታል፤ ወረቀቱን ትቶ ገበያ ደርሶ ይመለሳል።

ከአርባው በኋላ ሱቁን ስትከፍት ኮምፒውተሩ ጭራሽ እንቢ አለ። ለካ ባሏ የሞተ ዕለት፣ ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን እንደሚሸፈነው፣ እሱንም ሳታጠፋው በወፍራም ጋቢ ጠቅልላው ኖሯል።

መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ተሸክመነው በሚኒባስ ሞጣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ጠጋኙ አብዱልሐኪም የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ አየና ሳቀ።

«ሃርድ ዲስኩን ሙቀት ገድሎታል። ምን አልብሳችሁት ነው?»

«ለቅሶ ነበረብኝ» አለችው።

ሳቁን ዋጠ። «አላህ ያጥናሽ፣ እህቴ። የጻፍሽው ሥራ ሌላ ቦታ ተቀምጧል?»

«ፍላሽ ላይ አለ።»

ሁለት ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንዱ እንደ ድሮው ያለ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ ግን ያዘግማል። ሁለተኛው ኤስኤስዲ የሚሉት ስስ ነገር ነው፤ የሚይዘው ያነሰ ነው፣ ግን ወዲያው ይከፍታል።

እኔ መቼም አርፌ አልቀመጥም፤ «ብዙ የሚይዘውን ውሰጂ እንጂ!» አልኳት።

«ቶሎ የሚከፍተውን ስጠኝ፣ ወንድሜ» አለችው እሷ። «ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ነገር አልፈልግም።» ሽንኩርት የምትገዛ ነበር የምትመስለው። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ ጠዋት አባ ወልደ ኪዳን የንግሥ ማስታወቂያ ሊያስጽፉ መጡ። «እስኪከፍት ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብለው እንደ ልማዳቸው ወጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። ሰገነት ኮምፒውተሩን አበራች፤ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ቀዳች። እጇ ለምዶ ሁለተኛውን ብርጭቆ ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ ኮምፒውተሩ ተከፈተ።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«ይርጌ» አለችኝ፣ «ሻዩን መቼ ልንጠጣው ነው?»

ማንቆርቆሪያውን ተቀበልኳት። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለችና ጮኸች። የጩኸቷ ነገር! ያሟት ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጠው መጡ። እኔም አቅፌያት አብሬ አለቀስኩ።

አባ ወልደ ኪዳን ከገበያ ሲመለሱ በሩ ላይ ሰው ሞልቷል። ደንግጠው መስቀላቸውን አወጡ።

«ምን ሆና ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ባሏ ሞቶባት ነው፣ አባ» አልኳቸው።