የቁጥር አንድ ማህደር

ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጡት የመጀመሪያ ተማሪዎች ሦስት መቶ አሥራ አንድ ነበሩ። መዝገቡ ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል።

ዩኒቨርሲቲው የተከፈተው ድንበር ላይ፣ ጉምሩክ ለቆት በሄደ ግቢ ውስጥ ነው። የመፈተሻው አዳራሽ መማሪያ ክፍል ሆነ፤ የተወረሰ ዕቃ ይከማችበት የነበረው መጋዘን ደግሞ መኝታ። «እኛም ተወርሰን ነው» ይሉ ነበር ልጆቹ። የኬላው ብረት እንኳ አልተነሳም፤ ዲኑ ራሳቸው በገቡ ቁጥር ዘበኛው እስኪያነሳላቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር።

መዝገብ ቤቱን የያዘችው ሴት ከጉምሩክ የተረፈች ናት። ባልደረቦቿ ሲዛወሩ እሷ ከነመደርደሪያዋ ቀረች። ተማሪዎቹ «እትዬ ማህደር» አሏት፣ በዚያው ጸና። እሷም ማንንም በስም አትጠራም፣ በቁጥር እንጂ። «አንተ መቶ ስድስት፣ ፎቶህን ካላመጣህ ፊት የሌለው ሰው ሆነህ ትመረቃለህ» ትላለች፣ ፊቷ ሳይፈታ።

ወረቀት እጇ ከገባ፣ ምንም ይሁን ምን፣ «ገቢ» የሚል ማህተም ይመታበታል፤ ከዚያ ማህደሩ ውስጥ ይገባል። አንዴ የገባ አይወጣም።

ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ዲኑ ጠርተው «ቁጥር እንዳትዘዪ፤ የተዘለለ ቁጥር የተሰረቀ ይመስላል» አሏት። ጉምሩክም ሕጉ ያው ስለነበር አልከበዳትም። ቁጥር አንድ ላይ የገዛ ልጇን አሰፈረች። ልጅቷ ፈተናውን ያለፈችው በራሷ ጭንቅላት ነው፤ አንደኛው መስመር ላይ ያስቀመጣት ግን የእናቷ እጅ ነው።

መታወቂያዎቹ ታትመው ባለቁ በማግስቱ ልጅቷን ወባ ጣላት። አራት ቀን ተኛች፣ በአምስተኛው ተቀበረች። በሳምንቱ እናትየው ሥራ ገባች።

«ምነው ትንሽ ብታርፊ?» አሏት ዲኑ።

«የተማሪዎቹ አልጋ ገና አልተደለደለም» አለች።

የልጇን ማህደር ላውጣው ብላ አስባ ነበር። አንድ ከወጣ ግን ሁለት አንድ ይሆናል፣ ሦስት ሁለት፤ የታተመው ሁሉ ይበላሻል። ተወችው።

መምህሩ ስም ሲጠራ ከቁጥር አንድ ይጀምራል። አዳራሹንና መዝገብ ቤቱን የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ ስሙ ይሰማታል፣ ቀጥሎም ዝምታው። እስክሪብቶዋን አታቆምም። ልጆቹ ስለማትመጣው ተማሪ ወሬ ፈጠሩ፦ ለሀብታም ተድራለች፣ ውጭ ሄዳለች፣ ኬላ ውስጥ አልማርም ብላለች። እሷ አታርማቸውም። ነገሩን የሚያውቁት ዲን ተዛወሩ፤ የኬላው ብረት ተነሳ፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተሠራ።

ሃያ ዓመት አለፈ። ያኔ መጋዘኑ ውስጥ የተኛው ሠላሳ ሰባት ቁጥር ዛሬ ሬጅስትራር፣ አለቃዋ ነው። እሷ አሁንም «ሠላሳ ሰባት» ትለዋለች። አንድ ቀን ጠዋት የቆዩትን ማህደሮች ወደ ኮምፒውተር ሊያስገቡ አብረው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ይቺ ቁጥር አንድ መጨረሻዋ ምንድን ነው? ሽፋኑ ላይ ‹የተዘጋበት ምክንያት› የሚለው ባዶ ነው። ይሄ ኮምፒውተር ደግሞ ባዶ አይቀበልም።»

«ካልተቀበለስ?»

«ይሰርዛታል። እንዳልነበረች ነው የምትሆነው።»

የማህደሩን ጠርዝ በጣቷ አስተካከለች።

«እኔኮ ለሷ የፍቅር ደብዳቤ ጽፌ ነበር» ብሎ ሳቀ። «ሳላያት! ስሟ ሲጠራ ደስ ስለሚለኝ ብቻ። ለእርስዎ ነው የሰጠሁት፣ ረሱት? ቀደው የጣሉት መስሎኝ።»

«ወረቀት ቀድጄ አላውቅም።»

ማህደሩን ገለጠው። ደብዳቤው አለ፤ ግንባሩ ላይ «ገቢ»፣ ቀኑም ጭምር። እየሳቀ ወደ ቅጹ ወረደ። «በአደጋ ጊዜ ተጠሪ፦ እናት። ሥራ፦ መዝገብ ቤት። አድራሻ፦ እዚሁ ግቢ።» ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

«እትዬ… ልጅዎ ናት?»

«አዎ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ? ሳይነግሩን?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«እኔ ደግሞ እዚህ እቀልዳለሁ። አፈር ልብላ።»

«አትብላ። ጽሑፍህ አይነበብም እንጂ ደብዳቤው ደህና ነው።»

አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ይተዉት፣ እኔ ልጻፈው» አለ። «‹ትምህርቷን አቋርጣለች› ካልነው ያልፋል።»

«አላቋረጠችም።»

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች። በዚያ ጥርት ባለ ጽሕፈቷ «በሞት» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ቀኑን። ማህተሟን መታች። አንድ ነገር የሚሰማት መስሏት ጠበቀች። የቀለሙ ሽታ ብቻ ነበር።

«አሁን ሞክረው።»

ነካካው። «ተቀበለ።»

«ቁጥሯስ?»

«አንድ። እንዳለች ናት።»

«ደህና።» ማህደሩን ዘግታ ቦታው መለሰችና ቀጣዩን ሳበች። «ሁለት ቁጥር። ያ ረጅሙ። በምረቃ ነው የተዘጋው፤ ጻፍ።»