ያልፈተግኋት ጥፍር

በዚያ የጦርነት ዓመት ነሐሴ ላይ፣ የኩፍኝ ክትባት ይዘን ከሁሩታ ወዲያ ያሉትን መንደሮች ስንዞር፣ የትም ብንሄድ ወሬ ቀድሞን ይደርስ ነበር። አንዱ ቤት መርፌው ያመክናል ይለናል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የልጆቹን ስም የምንመዘግበው ኋላ ለጦር ሜዳ ሊፈልጓቸው ነው ይላል። ሁሉም ከስልክ ያገኙት ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ወሬ ግን ጠፍቶ አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን እከራከር ነበር፤ ቁጭ ብዬ፣ አስረድቼ፣ ምዬ ተገዝቼ። በኋላ ድምፄም ትዕግሥቴም አለቀ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሰልችቶኝ ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነው። ጠዋት ዛፍ ሥር ተቀምጠን እንከትባለን፤ የተከተበ ልጅ የግራ እጁን የትንሿን ጣት ጥፍር ጥቁር ቀለም እንቀባለን። ከሰዓት በየቤቱ እየዞርን ጥፍር እናያለን፤ ቀለም የሌለው እዚያው ይከተባል። ቀለማችን በሳሙና እንኳ ቶሎ አይለቅም። እናቶቹ ነገሩ ሲገባቸው የተማሪ ልጆቻቸውን እስክሪብቶ አንስተው የሕፃናቱን ጥፍር መቀባት ጀመሩ። ስለዚህ ያጠራጠረንን ጥፍር ሁሉ እንድንፈትግ ታዘዝን። የመጀመሪያዋን እናት ስይዝ ስቄ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዝናብ ሲደበድበን ውሎ፣ የመጨረሻው ቤት ደረስን። አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጃቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። የልጁ ታላቅ ወንድም በዚያው ዓመት ተመዝግቦ የጦር ማሠልጠኛ ከገባ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም ሲባል ከጎረቤት ሰምቻለሁ።

«ተከትቧል፣ ሲስተር» አሉና የልጁን ጣት ዘረጉልኝ።

ትንሿ ጥፍሩ ሰማያዊ ናት።

«የት ነው የተከተበው፣ እትዬ?»

«እዛው፣ ዛፉ ሥር።»

ዛፉ ሥር የዋልኩት እኔ ነኝ። ይህን ልጅ አይቼው አላውቅም።

«እስቲ ስሙን ይንገሩኝ፣ መዝገቡ ላይ ልፈልገው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «የታላቅየውንም መጀመሪያ የጻፉት ስሙን ነው።»

«እነሱ ሌላ ናቸው እትዬ፣ እኛ የጤና ነን። ደሞ ይሄ ጠብመንጃ ሊሸከም ነው?»

አልሳቁም። «ለኔ መዝገብ የያዘ ሁሉ አንድ ነው» አሉ።

ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ፈተግ ባደርጋት ቀለሙ ይለቅ ነበር። ከዚያ ክርክር ይመጣል፣ ከክርክሩ ልቅሶ፣ ከልቅሶው ሌላ አንድ ሰዓት። ክትባቱ በያዝኩት የበረዶ ሳጥን ውስጥ አለ። «እሺ፣ ጎበዝ» ብዬ የልጁን ጉንጭ ነካ አደረግሁና ተከትቧል የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ሄድኩ። መንገድ ላይ ለእናትየው አዝኜላቸው ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ውሃ የቋጠረው ጫማዬ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ እናትየው ልጁን አዝለው ጤና ጣቢያችን መጡ። ኩፍኝ። በሽታው መርፌ አይወድም ተብሎ ሁለት ሳምንት ጨለማ ጓዳ ተኝቷል። ትኩሳቱ ለቆታል፤ የቀኝ ዓይኑን ግን ነጭ ነገር ሸፍኖታል። አሰላ ላክናቸው። ሐኪሞቹ ያ ዓይን ከእንግዲህ አያይም ብለው መለሷቸው።

ከአሰላ የተሰጣቸውን ወረቀት ይዘው ሲመጡ ክፍሉ ውስጥ ከልጁ በቀር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ያን ቀን የእስክሪብቶ መሆኑን አይቼ ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ዓይንሽ ጥፍሩ ላይ ሲቆም አይቻለሁ።» የልጁን ነጠላ አስተካከሉለት። «ብትፈትጊያት ተይዣለሁ ብዬ ልጁን እሰጥሽ ነበር።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔስ ፈርቼ ነው፣ ልጄ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

ደክሞኝ ነበር ለማለት አፈርኩ።