ለአንዲት ጥርስ ተልተሌ ድረስ

አቶ ጥሩሰው ነገሌ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። እኔ እዚያ ሚዛን ያዥ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁ የምጽፈው ያየሁትን ነው።

አባታቸው ከሰሜን የመጡ ወታደር ነበሩ፤ ጣልያን ሲወጣ እዚሁ ቀሩ። ልጃቸው ግን ጠመንጃ አልወደዱም። አንድ አሮጌ ሞተር በጨረታ ገዙ፣ ወፍጮ ተከሉና የጦር ሰፈሩን የወታደር ሚስቶች እህል ሁሉ እየፈጩ ሰው ሆኑ። ቤት ሠሩ። እትዬ ወለላን አገቡ። ለቤተ ክርስቲያን ደወል አስመጡ። የቀራቸው ማዕረግ ብቻ ነበር።

«አቶማ የትምህርት ቤቱ ዘበኛም ነው» ይሉ ነበር። ግራዝማች ለመባል ማመልከቻ ካስገቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ማመልከቻው አንዴ ይርጋዓለም ነው ይባላል፣ አንዴ አዲስ አበባ ነው ይባላል። አንድ ጊዜማ የያዘው ጸሐፊ ታሞ ጠበል ሄዷል፣ ማመልከቻውም ከቦርሳው ጋር አብሮ ሄዷል ተባለ።

መኪናዋንም የገዙት ለዚሁ ነው። ዱብሉቅ አካባቢ የኤላውን፣ የጥልቁን ጉድጓድ፣ ውሃ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ አገሩ ሲመለስ መኪናውን ሸጠላቸው። ቬልሞንት ትባላለች። ወተት የመሰለች፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ኮፈኗ ላይ ብረት ወፍ ያለባት። በዚያን ጊዜ ነገሌ ውስጥ መኪና ማለት ላንድሮቨር ነው፣ ካልሆነም የፊያት ጭነት መኪና ነው።

«ላንድሮቨር ፍየል ሲጭን አይቻለሁ» አሉኝ አቶ ጥሩሰው፤ እኛ ጋሼ ነበር የምንላቸው። «ቬልሞንት ያለችው ግን ከሞያሌ እስከ ይርጋዓለም አንድ ሰው ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው።

ሁለት ዓመት ያለችግር ነዷት። በ1958 ዓ.ም. የገና ማግሥት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ካምቢዮዋ ውስጥ ቋ የሚል ነገር ተሰማና ቆመች። አብዱባ መጣ። አብዱባ የከተማችን መካኒክ ነው፤ ሙያውን ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ተምሮ፣ ሌላውን ራሱ የጨመረበት ሰው። ካምቢዮውን ፈትቶ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታክል ጥርሳም ብረት አወጣ። ግማሽ ጥርሷ ረግፏል።

«ጋሽ ጥሩሰው፣ ይቺ ናት ወደፊት የምትወስዳት» አለ። «ወደኋላ የሚወስደው ሌላ ነው፤ እሱ ደህና ነው።»

«ታዲያ ወደኋላ ልሂድ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ደህና ነው ነው ያልኩት።»

አብዱባ አንድ የአሠራር ልማድ አለው፦ ከላንድሮቨር ያልገጠመ ከፊያት ይገጥማል፣ ከፊያት ያልገጠመ ከወፍጮ ይገጥማል። እውነትም የወፍጯችንን ጥርስ ሁሉ ፈታትቶ ለካ። ሁለት ቀን ሳንፈጭ ዋልን፤ የወታደሮቹ ሚስቶች ቁና ይዘው ደጃችን ላይ ሲሰድቡን ዋሉ። ምንም አልገጠመም።

አዲስ አበባ ላለ አንድ የመለዋወጫ መደብር ደብዳቤ ተጻፈ። መልሱ «ናሙና ይላክ» ይላል። የተሰበረችውን ጥርስ በጨርቅ ጠቅልለን በአውቶቡስ ላክን። ከሁለት ወር በኋላ ያችው ጥርስ በዚያው ጨርቅ ተጠቅልላ ተመለሰች። አብሯት አንዲት ወረቀት አለች። «ናሙናውን አይተነዋል። ተሰብሯል» ትላለች።

ሌላ መደብር ደግሞ የሚሞላ ቅጽ ላከ። የመኪናው ዓይነት፣ ዘመን፣ የተሠራበት አገር። ጋሼ ዘመን በሚለው ላይ 1956 ብለው የገዙበትን ጻፉ። የተሠራበት አገር በሚለው ላይ ብዙ አሰቡና «ዱብሉቅ» ብለው ሞሉት። ከዚያ መደብር እስካሁን መልስ አልመጣም።

እንዲህ ስንል ዓመቱ ዞረ፣ ሌላ ገና መጣ። ጥር ላይ አንድ ደጃዝማች ከአዲስ አበባ አገር ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ጸሐፊ ወልደየሱስ የሚባል ባለ ክራቫት ሰው ወፍጮ ቤት መጣ። ዱቄት እንዳይነካው በእግሩ ጣት ጫፍ ቆሞ ነው የሚያወራው።

«አቶ ጥሩሰው፣ ክቡርነታቸው ላንድሮቨር ሰልችቷቸዋል። የቤት መኪና ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከከተማው መግቢያ መኪናዎ ለእንግዳው ትቀርባለች።»

«ማመልከቻዬስ?»

«መኪናዋ ከቀረበች ማመልከቻውም አብሮ ይቀርባል። ካልቀረበች ግን…» አለና ጫማውን አየ። «እምቢ አለ ተብሎ ይጻፋል። ያን ጊዜ ግራዝማችነቱ ቀርቶ አቶነቱም ያጠራጥራል።»

ጋሼ ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ያዳነን ጃታኒ ነው፤ ወይም ያዳነን መስሎን ነበር። ጃታኒ የጨው ጭነት ሹፌር ነው፣ የቦረና ሰው። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት።

«አካም ጋሼ፣ ናጋ? ይቺ ጎሳዋ ምንድነው?»

«መኪና ምን ጎሳ አለው!»

«ለምን አይኖረውም? እኛ አገር ሰው ከብቱ ሲያልቅበት ጎሳው አዋጥቶ ያቆመዋል። ላንድሮቨር ሲታመም እዩ፤ ከወደራም ከያቤሎም ዘመዶቹ እግር ይሰጡታል፣ ዓይን ይሰጡታል። ጎሳ የሌለው ግን እንዲህ ቁጭ ብሎ ይቀራል።» ከዚያ ወፏን ነካ ነካ አደረገና «ግን እህቷን ያየኋት ይመስለኛል» አለ።

«የት?» ጋሼ ተነሡ።

«ተልተሌ። የወለተሐና ግቢ ውስጥ።»

በማግሥቱ በጃታኒ መኪና ጨው ላይ ተቀምጠን ሄድን። ሦስት ቀን ፈጀብን። ጋሼ ኮታቸውን አላወለቁም፤ «ማዕረግ ፍለጋ ሲኬድ ኮት አይወለቅም» አሉኝ። ተልተሌ ስንደርስ ኮቱ በጨው ብዛት ብቻውን ይቆም ነበር።

ወለተሐና በዕድሜ የገፉ፣ ጠላ የሚሸጡ ሴት ናቸው። እውነትም ግቢያቸው ውስጥ ቬልሞንት አለች። ጎማ የላትም፣ መስታወት የላትም፤ ወፏ ግን አለች። ጋሼ ሲያዩዋት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እሜቴ፣ ከዚህች መኪና አንዲት ጥርስ ፈልገን ነው የመጣነው» አሉ።

«ውሰዱ፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል!»

ደስ አለን። ጃታኒ መፍቻውን ይዞ በሩን ሲከፍት ሴትዮዋ ጮኹ።

«ተው! ተው! ምን ሆነሃል አንተ? ዶሮዎቼ ታቅፈዋል!»

ውስጡን አየን። መሪው ሥር አንድ ዶሮ፣ የኋላው ወንበር ላይ ሁለት ዶሮ፣ ከካምቢዮው በላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ዶሮ ዓይኗን አፍጥጣ ተቀምጣለች።

«እሜቴ፣ ቀስ ብለን ነው የምንፈታው» አሉ ጋሼ።

«መዶሻ ቀስ ይላል? ዕንቁላሉ ተናውጦ ይበላሻል። ትናንት አራተኛ ቀናቸውን ይዘዋል፤ ሃያ አንድ ሲሞላ ይምጡ።»

«ደጃዝማች ይመጡብኛል እኮ!»

«ደጃዝማቹ ዕንቁላል ያቅፋሉ? አያቅፉም። እንግዲያው እሳቸው ይጠብቁ።»

ጋሼ ለመኑ፤ ደጅ ላይ ተቀምጠው አንድ ቀን ዋሉ። ማታ ላይ ሴትዮዋ አዘኑላቸውና አንድ ብርጭቆ ጠላ ሰጧቸው። ሲፈለፈሉ ጥርሷን ጃታኒ እንዲያመጣ ተስማማንና ባዶ እጃችንን ተመለስን። መንገድ ላይ ጋሼ የተናገሩት ዱብሉቅ ስንደርስ ብቻ ነው። «አንዲት ቀይ ዶሮ!» አሉ።

እንግዳው የሚመጡበት ቀን ደረሰ። አብዱባ «ቆማ ትታይ፣ ማን ነው ካምቢዮዋን የሚያይ?» አለ። ጠዋት ወደኋላ እየነዳን ወደ ከተማው መግቢያ ወሰድናት፤ እዚያ አብዱባ ወፏ ወደ እንግዳው መንገድ እንድታይ አዙሮ አቆማት። «እንግዳ የሚያየው ፊት ነው» አለ። እትዬ ወለላ በቅቤ ወልውላታለች፤ ዝንብ ሁሉ እሷ ላይ ነበር።

ደጃዝማቹ በወደራ በኩል አራት ላንድሮቨር አስከትለው ደረሱ። ወገባቸውን ያማቸዋል መሰለኝ፣ ከመኪናቸው አልወረዱም። በመስኮት ቬልሞንትን አዩና ለወልደየሱስ አንድ ነገር ነገሩት። ወልደየሱስ እየሮጠ መጣ።

«አልወርድም ብለዋል። መኪናዋ ግን አምራለች፣ ከፊት ሆና ትምራን ብለዋል። ንዱ!»

«ወዴት?» አሉ ጋሼ።

«ወደ ከተማ ነዋ! ወዴት ይሆናል?»

ጋሼ ላብ አጠመቃቸው። የመኪናዋ ቂጥ ነው ወደ ከተማ የዞረው። አብዱባ ግን ቶሎ ብሎ የኋላ ወንበር ላይ ዘሎ ገባና በኋላው መስታወት ማየት ጀመረ። «እኔ እነግርዎታለሁ፣ እርሶ መሪ ብቻ ይያዙ» አለ። እኔም ከጎናቸው ገባሁ። ተነሣን፤ ወደኋላ።

የደጃዝማቹ መኪና አፍንጫ ለአፍንጫ ተከተለን። አብዱባ ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋዋል። «ሚርጋ! ሚርጋ!» ሲል ጋሼ ወደ ቀኝ፣ «ቢታ! ቢታ!» ሲል ወደ ግራ ይጠመዝዛሉ። ፊታቸው ግን ደጃዝማቹ ላይ ነው። ሌላ የሚያዩበት አልነበራቸውም። መንገዱ ደግሞ ጉድጓድ ነው፤ በየጉድጓዱ ጭንቅላታቸው መሪው ድረስ ይወርዳል፣ ይነሣል፣ ይወርዳል። ሰዉ መጀመሪያ ከመንገዱ ሸሸ። ቀጥሎ አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሁሉም ተከተለ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «መሪው አልጠፋባቸውም?» ሲል ሰምቻለሁ።

ጦር ሰፈሩ በር ላይ ስንቆም ጋሼ መውረድ አቃታቸው። ወልደየሱስ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። ደጃዝማቹ አስጠሯቸው።

«ስምህ ማነው?»

«ጥሩሰው፣ ጌታዬ።»

«እኔ በቤተ መንግሥት ስንት ዘመን አሳልፌያለሁ። ሰው ከጌታው ፊት ሲወጣ ጀርባውን አያዞርም፤ ወደኋላ እየሄደ፣ እጅ እየነሣ ነው የሚወጣው። ይህን ሥርዓት በእግረኛ ነው የማውቀው። በመኪና ሲደረግ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። እዚህ ቆላ ውስጥ!»

ጋሼ እውነተኛ ሰው ናቸው፤ ስለ ጥርሷ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ወልደየሱስ እግራቸውን ረገጠ።

«እንደ አቅሜ ነው ጌታዬ» አሉ።

«አዲስ አበባ ያሉት እንዲህ ቢሆኑ!» አሉ ደጃዝማቹ፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ።

ስድስት ዓመት የጠፋው ማመልከቻ በአርባ ቀን ተገኘ። አቶ ጥሩሰው ግራዝማች ጥሩሰው ሆኑ። እትዬ ወለላ አንድ ሳምንት ሙሉ «ግራዝማች፣ ራት ቀርቧል፤ ግራዝማች፣ ካልሲዎ የት ነው?» እያለች ቤቱን ሞላችው። ኮሚቴውም ከእንግዲህ እንግዳ የሚመራ መኪና ሁሉ ፊቱን ወደ እንግዳው አድርጎ እንዲሄድ የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ላንድሮቨሮቹ ግን ወደፊትም መሄድ ስለሚችሉ ነገሩን ለመልመድ ተቸገሩ። በልምምዱ ቀን አንዱ ሽንኩርት ተራ ውስጥ ገባ፣ አንዱ የዳኛው አጥር ላይ ወጣ።

በዚያው ሰሞን ጃታኒ መጣ። ጥርሷ ከወለተሐና መልእክት ጋር ደረሰች፤ ከሃያው ዕንቁላል አሥራ ስምንቱ ተፈልፍሏል። አብዱባ ጥርሷን ከጨርቁ ፈታት። ካምቢዮው ላይ አስጠግቶ ለካት።

«ልክ ናት! ጋሼ፣ ልክ ናት! አሁኑኑ እገጥማታለሁ።»

«ተዋት» አሉ ግራዝማች።

«ምን?»

«ነገ ወደፊት ስነዳ ሰው ምን ይላል? ያን ጊዜ ተበላሽቶበት ነበር ይላል። ከደጃዝማቹ ጆሮ ቢደርስስ?»

«እኔንስ ምን ይሉኛል?» አብዱባ ተቆጣ። «ዓመት ሙሉ አብዱባ አቃተው ሲሉኝ ኖሩ። የወፍጮ ሴቶች ይስቁብኛል። እርሶ ስም አገኙ፣ የኔ ስም ጠፋ።»

ይህን ሲል ግራዝማች አንገታቸውን ደፉ። አብዱባን ይወዱታል። «ግጠማት» አሉ። «ግን በዚህ ግቢ ይቅር።»

ገጠማት። ከዚያ ወዲህ ግራዝማች ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም፣ ወደራ ገበያም ወደኋላ ነው የሚሄዱት፤ አንገታቸው ወደ ግራ ጠምዘዝ ብሎ ቀርቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍጮው ሲዘጋ ግን አብዱባ ይመጣል። ግራዝማች የግቢውን በር ይዘጉና ማንም እንዳይገባ በጀርባቸው ይደገፉታል። አብዱባ መኪናዋን ያስነሣል፣ ማርሹን ያስገባል፣ ሦስት እርምጃ ያህል ወደፊት ይነዳታል። ድምጿን ይሰማል።

«ሰሙ ጋሼ? አትንኳኳም።»

«ሰማሁ» ይላሉ ግራዝማች በሩን እንደተደገፉ። «አሁን መልሳት፤ ሰው እየመጣ ነው።»