ጧሪ ቀባሪ

የድርጅቱ ወጣት ሠራተኛ በረንዳው ላይ ቆሟል። የእድራችን ሰብሳቢ አያ ሙሉነህ ከጎኑ ናቸው። እኔ ከሌሎች አረጋውያን ጋር ከፊታቸው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ጎረቤቴ ዘይነባ፣ ባለሱቋ፣ ከኋላዬ ቆማለች። ይህ የሆነው አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ በሰፈራችን ባለ የልማት ድርጅት ግቢ ነው። ያልረሳሁት በአንዲት ቃል ምክንያት ነው። ያን ቀን የመለስሁትን ዛሬም አልቀይረውም።

የቤቴ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን ክረምት አልጋዬን ከጥግ ወደ ጥግ ስጎትት ከረምሁ። ድርጅቱ ቆርቆሮ ይሰጣል ሲባል ዘይነባ ይዛኝ ሄደች።

ግድግዳው ላይ ዓላማቸውና እሴቶቻቸው በትልልቅ ፊደል ተጽፈዋል። ተራዬ እስኪደርስ አነበብሁት። «ክብር» ይላል። «ግልጽነት» ይላል። ዓላማው «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን አረጋውያን መደገፍ» ነው። መልካም ነው አልሁ በልቤ።

ወጣቱ ስሜን ጠራና ተነሣሁ። ትሑት ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«እማማ፣ ደንባችን ግልጽነት ነው። ሕዝቡ ፊት አንድ ጊዜ ይበሉልን። ጧሪ ቀባሪ የለዎትም፣ አይደል?»



አያ ሙሉነህ ሣቅ አሉ። «ቀባሪውን እንኳ ተወው። እድሩ እያለ እትየ ታንጉት ቀባሪ አያጡም። በዚህስ አንታማም።»

ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔም ፈገግ አልሁ።

«እሺ፣ ጧሪስ?» አለ ወጣቱ።

አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። ለሥራ ብሎ ከወጣ ቆይቷል። ድምፁን ሳልሰማ ፋሲካ አልፎ ሌላ ፋሲካ መጥቷል። በእኛ አገር ደግሞ ልጅ እያላት የለኝም የምትል እናት በልጇ ላይ ታሟርታለች ይባላል።

ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እትየ፣ የለኝም ይበሉ በቃ። ልብዎን አላህ ያውቀዋል። ጣሪያ በኩራት አይከደንም።»

«አለኝ» አልሁ።

«ማን አለዎት?»

«ልጄ።»

«የት ነው ያለው፣ እማማ?»

ሁሉም አፌን ያዩኛል። የት እንዳለ አላውቅም።

«ሩቅ ነው» አልሁት።

ወጣቱ አቀረቀረ። አያ ሙሉነህም አልሣቁ። በጉና ተራራ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ነጠላዬን ተከናንቤ ባዶ እጄን ወጣሁ።