ሽማግሌዎቹ ከላይ የተቀመጡበት ገጽ

ባለፈው ሳምንት መቱ ላይ ሰማዩ ተቀዶ ሲዘንብ፣ አብራኝ የምትሠራው ወጣት ፕሮግራመር ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። "እትዬ ሌንሴ፣ የቱንም ብጫን አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚከፍተው። ስህተት ደግሞ አይጽፍም" አለችኝ። እትዬ ያስባለኝ ዕድሜዬ ሳይሆን ኩርፊያዬ ይመስለኛል። ኮዱን ገና ሳላየው ነገሩን አወቅኩት።

መጀመሪያ የገጠመኝ ጊዜ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። ከክፍል ጓደኛዬ ከገመቹ ጋር መቱ ገበያ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ድረ ገጽ እንሠራለን። የትውልድ ቀዬዬ የሁሩሙ ማር አምራቾች ማኅበር ሥራ ሲሰጠን የደስታ ቡና ጠጣን። አባቴ ኦቦ ተሬሳም የማኅበሩ አባል ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ገዢ፣ ማሩ ከየትኛው ጫካ፣ ከማን ቀፎ እንደተቆረጠ በስክሪን ካሳያችሁኝ ሁሉንም እወስዳለሁ ብሏል። አባቴ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ "ልጄ እየሠራችው ነው፤ ለደላላ አትሽጡ፣ ጠብቁ" አላቸው። እነሱም ቃሉን አምነው ጠበቁ። ከገተማ ዛፍ አበባ የተገኘው ነጭ ማር በየቤቱ ባልዲ ውስጥ ተቀመጠ።

ሁሩሙ ላይ ታላቅ ሳይመርቅ ስብሰባ አይከፈትም፤ በመቀመጥም በመናገርም ቅድሚያው የሽማግሌ ነው። ብዙ ጊዜ መርቅ የሚባለው አባቴ ነበር። ሲመርቅ ድምፁ ከወትሮው ወፈር ይላል፣ ቃላቱም ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ልጅ ሳለሁ ልቤ ከምርቃቱ በኋላ በሚቀርበው ትኩስ ጎደሬና ሚጥሚጣ ላይ ቢሆንም "አሜን" የምለው ጮክ ብዬ ነው። ያን ወግ እወደው ነበር፤ ዛሬ እወደዋለሁ ብል ግን እዋሻለሁ።

ገዢው የመጣ ቀን ሁሩሙ በጉም ተሸፍና ነበር። የማኅበሩ መጋዘን የማርና የእርጥብ ጆንያ ሽታ ይሸታል። አባቴ መረቀ። እኔ ፕሮጀክተሩን ግድግዳው ላይ አብርቼ "ማር" የሚለውን ተጫንኩ። የመጣው ግን የማኅበሩን ሽማግሌዎች ለማስተዋወቅ የሠራነው ገጽ ነው፤ ፎቶ የሌለው ባዶ ክፈፍ፣ ከሥሩም ስም የለም። "አምራቾች" የሚለውን ስነካ ያው ባዶ ሽማግሌ መጣ። "ጫካዎች" ስልም እሱ ነው። ኔትወርኩን ጠረጠርኩ፣ ኮምፒውተሩ ያስቀረውን የድሮ ቅጂ አጸዳሁ፣ በስልኬ ከፈትኩት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ገዢው ሰዓቱን አይቶ "ስታስተካክሉ ጥሩኝ" አለና ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ። በዚያው ሳምንት ከሌላ አገር ገዛ ሲባል ሰማን።

በማግስቱ ጠዋት ኮዱን ከአናቱ ጀምሬ አነበብኩት። በእንዲህ ዓይነቱ የጃቫስክሪፕት ሥራ፣ የትኛው አድራሻ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት የሚናገር የመንገዶች ዝርዝር አለ። ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ የሚስማማ መስመር ካገኘ የቀረውን አያይም። የሽማግሌዎቹ መስመር የተጻፈው ማንኛውንም ስም እንዲቀበል ሆኖ ስለነበር፣ ያስቀመጥኩት ከሁሉም በታች ነው። አሁን ግን አናት ላይ ወጥቶ "ማር"ንም የሽማግሌ ስም ነው ብሎ ይቀበላል። እንዲህ የሚባል ሽማግሌ ስለሌለ ባዶ ክፈፍ ያሳያል። ስህተት ያልጻፈውም የታዘዘውን ስላደረገ ነው።

"ማን ነካው?" አልኩት ገመቹን።

"ትናንት ጠዋት ሊቀመንበሩ ኦቦ ነጋሳ ደወሉ። ሽማግሌዎች ከሁሉ በፊት ይምጡ አሉ። ሜኑውንም መንገዱንም ከላይ አደረግኩት።"

"ሰው የሚያየው ሜኑ ብቻ ይበቃ ነበር እኮ። ለምን አልነገርከኝም?"

"ለአክብሮት ብዬ ነው" አለ፤ ፊቴን ግን አላየም።

ማኅበሩ ሲሰበሰብ መልሱን ይዤ ስለሄድኩ ልቤ ቀለል ብሎት ነበር። "ኦቦ ነጋሳ፣ ችግሩ ተገኝቷል። የሽማግሌዎቹ መስመር ከሁሉም በታች መሆን ነበረበት" አልኩ።

"ሽማግሌ ከሁሉም በታች?" አሉ ኦቦ ነጋሳ። "ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ይህን ነው?"

"ለሰው አይታይም፣ ኮዱ ውስጥ ነው የምለው። ያዳምጡኝ።"

"ጭራሽ በስውር" አለ አንዱ ከኋላ።

ይመስክርልኝ ብዬ ገመቹን አየሁት። መሬት መሬቱን ያያል። አባቴ ተነስቶ ትከሻዬን ያዘና "ዲሲ ኢንተላ ኮ፣ ተይው ልጄ" አለኝ። ውጭ ገመቹ ተከተለኝ። "አንቺ አባት አለሽ፣ ነገ ይረሱልሻል። እኔ ማን አለኝ?" አለ። በኋላ ማኅበሩ እሱኑ ቀጠረው። መስመሩን ዝም ብሎ ወደ ታች አወረደው፤ የሽማግሌ ክብር ተነካ ያለ ሰው አልነበረም።

ማሩን ደላላው በወደቀ ዋጋ ሰበሰበው። በቀጣዩ ስብሰባ ኦቦ ነጋሳ ዓይናቸውን በአባቴ ላይ አሳልፈው ሌላውን ሰው መርቅ አሉት። አባቴ ከኋላ ወንበር ሆኖ "አሜን" አለ። ከዚያ በኋላ ማንም መርቅ ብሎት አያውቅም። ቤት ውስጥ ማዕድ ሲቀርብ እንኳ ድምፁን ቀንሶ፣ ለራሱ የሚያወራ ያህል ብቻ ይመርቅ ጀመር። እኔን አንድ ቀን የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሞቶ ሲቀበር ኦቦ ነጋሳ ቆመው "እንደ ተሬሳ የሚመርቅ ሰው አጣን" ብለው አለቀሱ። እንባቸው እውነተኛ ይመስለኛል። ይህ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት ያኔውኑ ጠርቶ ነበር፤ የሚያየው ሰው ነው የጠፋው። ጊዜ ያስረሳል የሚሉኝንም ሰምቻለሁ። አላስረሳኝም፣ ይቅርም አላልኩም።

ልጅቷ አሁንም አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች። ከዝርዝሯ አናት ላይ ሁሉን የሚቀበለውን መስመር በጣቴ አሳየኋት። "ያችን መስመር ወደ ታች አውርጃት" አልኳት። አወረደችው፤ ገጾቹ ሁሉ በየቦታቸው ተከፈቱ።

"ይኸው ነው?" አለች ቅለቱ ገርሟት።

"ይኸው ነው" አልኳት። ላፕቶፗን ይዛ እየሳቀች ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። አባቴ ግን ከኋላው ወንበር ወደ ፊት ሳይመለስ ሞተ።